«ዠ» የት ሄደ?

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ አንዲት ተማሪዬ ላውራችሁ። እዚሁ ወሎ ሰፈር ቤቴ ፈረንሳይኛ ያስጠናኋቸው እናት ናቸው። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ ፈረንሳይኛ መሆኑን ከእኔ በፊት ያውቃሉ። ልጃቸው ፓሪስ ናት፤ የልጅ ልጃቸው አማርኛ አይሰማም። እማማ የመጡት እሱን በስልክ ለማናገር ነው።

እኔ እንደ ልማዴ ሰሌዳው ላይ «ፓርሌ» (መናገር) ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻዋን «ኤ» ቆርጦ ለየሰዉ ቅጥያውን መስጠት ነው፦ ዠ ፓርል፣ ቱ ፓርል፣ ኢል ፓርል፣ ኑ ፓርሎን፣ ቩ ፓርሌ፣ ኢል ፓርል። አብዛኛው የፈረንሳይኛ ግስ በዚህ መንገድ ይሄዳል። (ከመንገዱ የሚወጣው፣ የሚገርመው፣ «መሄድ» ነው!)

እማማ ግን «ፓርል» ብቻ ይላሉ። «‹ዠ› የት ሄደ?» እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ድምፄን ከፍ አደረግኩባቸው። የእናቴ እኩያ ናቸው እኮ! ደብተራቸውን አጥፈው «ልጄ፣ ለእኔ አይሆንም» ብለው ወጡ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምን አጠፉ? እኛ «እናገራለሁ» ስንል ተናጋሪው ግሱ ውስጥ አለ፤ «እኔ» ማለት የግድ አይደለም። ፈረንሳይኛው ግን በጽሑፍ ቅጥያውን ቢለያይም፣ ከስድስቱ አራቱ ለጆሮ አንድ ናቸው። «ዠ» ከሌለ ማን እንደሚናገር አይታወቅም። ስንት ዓመት «አትርሱ» እያልኩ ስቆጣ፣ ለምን እንደሆነ ተናግሬ አላውቅም።

ጠዋት ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ምክንያቱንም ነገርኳቸው። ሳቁ። «ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትለኝም?»

ከዚያ ሰንጠረዡን ትተን አንድ ግስ ያዝን፦ «ኤሜ»፣ መውደድ። የእኛ «እወድሃለሁ» እኔንም አንተንም በአንድ ቃል ይዟል። ፈረንሳይኛ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ እኔ፣ አንተን፣ እወዳለሁ። «ዠ ቴም»።

እሑድ አጠገባቸው ተቀምጬ ደወሉ። «ዠ ቴም» አሉ፣ «ዠ»ዋን ጠበቅ አድርገው። ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ «ሙዋ ኦሲ» አለ።

«ምን አለኝ?» አሉኝ፣ ስልኩን ደረታቸው ላይ አድርገው።

«‹እኔም› አለ፣ እማማ።»

በ«ዠ» ምክንያት የተቆጣኋችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይቅር በሉኝ። ምክንያቱ ይኸው ነበር።