አጥሩና የምድረ ከብዱ መንገድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች! ልጅ ሳላችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር የሄዳችሁበትን ጉዞ ታስታውሱታላችሁን? ለእኔ ለቡታጅራው ልጅ ያ ጉዞ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነበር። እናቴ ስትቀሰቅሰኝ ቤቱ የቆሎ ሽታ ሞልቶታል፤ ቢጫው ጀሪካን ውኃ ተሞልቶ በር ላይ ቆሟል፤ ከውጭ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይሰማል። መጋቢት 4 ቀን ነው። በማግሥቱ የጻድቁ አባታችን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል ስለሆነ ወደ ምድረ ከብድ ልንሄድ ነው።

ምድረ ከብድ በጉራጌ ምድር፣ በሶዶ የሚገኝ የጻድቁ ገዳም ነው። መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 ቀን ከየአቅጣጫው ሕዝብ ይጎርፍበታል። እኛ ከቡታጅራ ተነሥተን በአዲስ አበባው መንገድ ወደ ቡኢ እንጓዛለን፤ ከዚያም ከአስፋልቱ ወጥተን የአፈሩን መንገድ እንይዛለን። በዚያን ዘመን አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይሄድም ነበር። ሰፈሩ ገንዘብ አዋጥቶ አንድ አይሱዙ ይከራያል። አረጋውያን ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣሉ፤ እናቶችና ልጆች በጭነቱ ቦታ ላይ በተነጠፈው ጭድ ላይ እንደረደራለን፤ አባቶች ብረቱን ይዘው ዳር ዳሩን ይቆማሉ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን የቤታችንን ቁልፍ ተቀብለው፣ «በሰላም ግቡ፤ እኛንም በጸሎት አትርሱን» ብለው ይሸኙናል። እኛ እስክንመለስ ላማችን የምትታለበው በእሳቸው እጅ ነበር።

የምነግራችሁ የ2002 ዓ.ም. ጉዞ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። በዚያ ዓመት አባቴና የአጥር ጎረቤታችን አይነጋገሩም ነበር። እኝህን ጎረቤት «ጋሼ» እያልሁ ነው ያደግሁት፤ እዚህም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። የጠቡ ምክንያት የባሕር ዛፍ አጥር ነበር። አጥሩ ሲታደስ ወደ አንደኛው ወገን ገብቷል ተባለ፤ ገባ የተባለው መሬት አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ አቆሙ፤ እኛም ልጆች ከጋሼ ልጆች ጋር መጫወት ተከለከልን። በጉዞው ቀን ግን ሁለቱም በአንዱ አይሱዙ ላይ ተሳፈሩ። አባቴ ከፊት፣ ጋሼ ከኋላ ጥግ ቆሙ። መዝሙሩን ሁለቱም ይቀበላሉ፤ ዓይን ለዓይን ግን አይተያዩም።

ገዳሙ ስንደርስ ሕዝቡ የዘረጋው ነጠላ ሜዳውን ሁሉ አልብሶታል። እናቴ «ነጠላዬን ይዘህ ተከተለኝ» አለችኝ። ያዝሁ። ጥቂት ቆይቼ ቀና ብል የያዝሁት የሌላ እናት ነጠላ ነበር! ነጭ የለበሰ ሁሉ እናቴን ይመስለኛል፤ እየሮጥሁ ሳይ ግን አንዷም እናቴ አይደለችም። ለምን ያህል ጊዜ እንደጠፋሁ ዛሬ በእርግጥ አላውቀውም። እያለቀስሁ ሳለ ከኋላዬ አንድ እጅ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ እንዳስቀመጠኝ ግን አልረሳም። ጋሼ ነበሩ። «አታልቅስ፤ ከዚህ ከፍታ ላይ ሆነህ አባትህን ፈልግልኝ» አሉኝ። ለሳምንታት ያላናገሩትን ሰው እንድፈልግላቸው ጠየቁኝ።

አባቴን ያየሁት እኔ ነኝ። ፊቱ አመድ መስሎ በሕዝቡ መካከል ይባዝን ነበር። ጋሼ ከትከሻቸው አውርደው አስረከቡት። አባቴም ልጁን ለመቀበል እጁን መዘርጋት ግድ ሆነበት። ያን ቀን ምሳ የበላነው በአንድነት ነው፤ ቆሎና ዳቦ፣ የጾም ጎመንና ቆጮ። እናቴም ጠላ የመሰለውን የብቅል ውኃ እየቀዳች እንዲህ አለች፦ «ስልሳ አንበሳና ስልሳ ነብር በሰላም ይከተሉት ከነበረው ጻድቅ ደጅ መጥተን፣ ሁለት ሰዎች አንድ አጥር ያቅታችሁ?» ሁሉም ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም።

እንግዲህ ጠቡ በዚያው አለቀ ብላችሁ እንዳታስቡ። ሰላምታው ተመለሰ እንጂ አጥሩ እንደ ቆመ ነበር። ጉዳዩ የተፈታው ከስድስት ወር በኋላ ለመስቀል ነው። መስቀል በጉራጌ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በአዲስ አበባና በሌላው አገር የሚኖረው ወገን ሁሉ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፤ የተጣላም ታርቆ ወደ በዓሉ ይገባል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሁለቱን አስቀምጠው መከሩ፤ ከዚያም በአጥሩ መካከል ሰው የሚያሳልፍ መሹለኪያ እንዲከፈት ወሰኑ። በ2003 ዓ.ም. መስቀል እናቴ ክትፎውን በጣባ አድርጋ በዚያ መሹለኪያ ስታሳልፍ አይቻለሁ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን ትዝታ ለብዙ ዘመን ስተርከው «ያ ዘመን እንዴት ያለ የፍቅር ዘመን ነበር!» በማለት እዘጋው ነበር። አንድ ቀን እናቴ ይህን ሰምታ፣ «ያኔም እንጣላ ነበር እኮ። ብቻ በአንድ መኪና እንሄድ ነበር» አለችኝ። ይህ ቃል ከብዙ ስብከት ይልቅ አስተማረኝ። ጠቢቡ ሰሎሞንም በመክብብ 7፥10 ያለፈው ዘመን ከዛሬው ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅ የጥበብ ጥያቄ እንዳልሆነ ያስተምረናል። ከቡታጅራ በስተደቡብ በስልጤ ምድር ሐረ ሸይጣን የተባለውን ሐይቅ ያየ፣ ከገደሉ አፋፍ የተወረወረ ድንጋይ ውኃው ላይ አይደርስም ሲባል ሰምቷል። እኛም በልጅነታችን ክንዳችን እስኪዝል ወርውረን ሞክረናል። ትዝታም እንዲሁ ነው፤ የቱንም ያህል ብንናፍቅ ወደ ትናንት አይደርስም። የደጋግ አባቶቻችን ልማድ ግን ዛሬም በእጃችን ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የተጻፈውን አስቡ። ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ እመቤታችንና ጻድቁ ዮሴፍ እንደ ልማዳቸው ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው ነበር። ሲመለሱም የአንድ ቀን መንገድ የሄዱት ከዘመድና ከሚያውቋቸው ጋር ያለ መስሏቸው ነው። ከጎረቤትና ከዘመድ ጋር የሚጓዝ ሰው ልጁን ባያየው እንኳ «ከእነ እገሌ ጋር ይሆናል» ብሎ ያምናል። እኔም በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የተገኘሁት የሚያውቀኝ ጎረቤት በጉዞው ስለነበረ ነው። ጋሼ በአባቴ ተቀይመው ቤታቸው ቀርተው ቢሆን ኖሮ ማን ያገኘኝ ነበር?

ይህን የምጽፈው በሌላው ለመፍረድ አይደለም። አምና ሰንበት ትምህርት ቤታችን ወደ ምድረ ከብድ ጉዞ ሲያዘጋጅ፣ ትኬቱን ከአንድ ወንድሜ ጋር እንድይዝ ተመደብሁ። ሒሳቡ ጎደለ። እኔም በኮሚቴው ፊት፣ ወንድሜን እንደ አጉዳይ የሚያስቆጥር ቃል ተናገርሁ። ትምህርቴን ወደምከታተልበት ወደ ወልቂጤ ተመልሼ ደብተሬን ስመረምር ግን የሁለት ሰዎችን ክፍያ ሁለት ጊዜ የመዘገብሁት እኔ ራሴ መሆኔን አየሁ። ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ካወቅሁ በኋላም ሦስት ሳምንት ዝም አልሁ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳፍረኝ፣ በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ልብሰ ተክህኖ ለብሼ መቀደሴ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 5፥23-24 መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ የሚያዘውን ቃል ለሌሎች አስተምሬበታለሁ፤ እኔ ግን አልፈጸምሁትም።

የጉዞው ቀን ደረሰ። እኔ ከአውቶቡሱ ፊት፣ እርሱ ከኋላ ወንበር ተቀመጥን። ቡኢ ስንደርስ ይህን አቀማመጥ ከዚህ በፊት እንዳየሁት ትዝ አለኝ፤ አባቴ ከፊት፣ ጋሼ ከኋላ ጥግ። ክሴን የሰማው ብዙ ሰው ስለነበር ይቅርታዬንም ብዙ ሰው ሊሰማው ይገባ ነበር። የመዝሙር ማጉያውን ተቀብዬ ስህተቴን በሁሉ ፊት ተናገርሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንድሜ ወዲያው አልመለሰልኝም። ገዳሙ ደርሰን ስንወርድ ግን አጠገቤ መጥቶ፣ «የሚቀጥለውን ሒሳብ አብረን እንቆጥራለን» አለኝ። እንደ ቀድሞው ወዳጆች ነን ለማለት አልደፍርም፤ አብረን እየቆጠርን ነው።

ስለዚህ የተወደዳችሁ፣ ልጅነታችሁን ስትናፍቁ በናፍቆቱ ብቻ አትቅሩ። ለሚቀጥለው በዓል ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ፤ እናቱን የሚረዳ የሌላትን ደግፉ፤ የጎረቤትን ልጅ እጅ ያዙ። ከተቀየማችሁት ሰው ጋር የምትገናኙበትን ማኅበርና ጉዞ በቅያሜ ምክንያት አትተዉ፤ እግዚአብሔር ልጃችሁን የሚመልስላችሁ በዚያ ሰው እጅ ሊሆን ይችላልና። አጥሩን በአንድ ቀን ማፍረስ ባትችሉ እንኳ መሹለኪያ ክፈቱ።

ዛሬ በቤታችንና በጋሼ ቤት መካከል የቆመው የብሎኬት ግንብ ነው። የብረት በር አለው። ቁልፉ በሁለቱም ቤት ይገኛል።

የጻድቁ አባታችን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።