ደጅ ጥናት

"ገባህ?"

እናቴ ጠዋት ጠዋት ከጎረቤላ ደውላ የምትጠይቀኝ ይቺኑ አንዲት ቃል ነው። "አልገባሁም እማዬ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ" እላታለሁ። "እስካሁን?" ትላለች። የእሷ በጎች ተሰማርተው፣ ቡናዋ ቶና ደርሶ፣ እኔ ገና ሰልፍ ላይ ነኝ። ማታ ደግሞ ትደውላለች። "ገባህ?" የማታዋ "ገባህ" እንኳን ቤት ለማለት ነው። "አልገባሁም፣ መገናኛ ነኝ።" ትንሽ ዝም ትልና፣ "አይ ልጄ፣ ስትገባ ስትወጣ ዕድሜህን ጨረስከው እኮ!"

እኔ የምለው፣ ይቺን "ገባ" የምትባል ቃል ልብ ብላችኋታል? በእኛ አገር ሰው ሲቀጠር "ሥራ ገባ" ይባላል። ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ሲደርስም "ሥራ ገባ" ነው። ማታ ሲያበቃ "ከሥራ ወጣ"፤ ሲባረርም ያው "ከሥራ ወጣ"። ሥራ ማለት በር ያለው ቤት ነው፤ ወይ ገብተሃል፣ ወይ ወጥተሃል። እቤትህ ቁጭ ብለህ ሥራ "መግባት" የሚባለውን ነገር ቋንቋው ራሱ አልለመደውም። እኔ ይህንን የተረዳሁት ጎረቤላ ላይ ነው፤ ዕድሜ ለኮሮና።

መቼስ ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። በዚያው ወር አጋማሽ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተባለ፤ መጋቢት 30 ደግሞ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኔ የምሠራበት የግል ድርጅትም "መንግሥት ካለ እኛ ማን ነን!" ብሎ እያንዳንዳችንን ላፕቶፕ አሸክሞ ሸኘን። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ደረሰኝ መመዝገብና ሒሳብ ማስታረቅ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዬን ተዘግቼ ከማስታርቅ እናቴ ዘንድ ሄጄ ባስታርቅ ምን ነውር አለው? አልኩና መንገዱ ሳይዘጋ ላምበረት ሄጄ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ጫጫን አልፎ በ130 ኪሎ ሜትር ደብረ ብርሃን፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ጎረቤላ ነው።

"ለሁለት ሳምንት ነው" አልኳት እናቴን። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆየሁ።

ጎረቤላን ለማታውቋት፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሰማዩ ሲጠራ ወደ ምሥራቅ ቆላው ሁሉ ከእግርህ ሥር ይታያል። ጉሙ ከቆላ የተነሣ ቀን ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም። ኔትወርኩም እንደ ጉሙ ነው፤ በራሱ ፈቃድ ይመጣል፣ በራሱ ፈቃድ ይሄዳል። ቤት ውስጥ የለም፤ ጓሮ ከድንጋይ ካቡ ጥግ፣ ከበጎቹ በረት አጠገብ ግን አለ። እናላችሁ ቢሮዬን እዚያ ከፈትኩ። በርጩማዋ ወንበሬ፣ ጉልበቴ ጠረጴዛዬ፣ ጋቢው ማሞቂያዬ።

ችግር የሆነብኝ የሰዉ ነገር ነው። ሳምንት ሳይሞላኝ አንድ የጎረቤታችን አዛውንት በካቡ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ከሥራ ወጣህ እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ አልወጣሁም አባባ፤ ይኸው እየሠራሁ ነው።"

ላፕቶፑን አዩ። በጎቹን አዩ። እኔን አዩ። "እንግዲህ እሱ ያውቃል" ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ከተማው ውስጥ ምን እንደተወራ አላውቅም። እናቴ ግን ከገበያ የተመለሰች ቀን ፊቷ ጠቁሮ ዋለ። ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ "እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ያጎደልከው ገንዘብ አለ?" አለችኝ። የሒሳብ ሠራተኛ እናት ከዚህ ሌላ ምን ትፈራለች!

የሚገርመው ግን እነዚህ ሁሉ ጠያቂዎቼ ከደጃቸው ርቀው ሠርተው የማያውቁ ሰዎች መሆናቸው ነው። የአዛውንቱ የገብስ ማሳ ከቤታቸው ጀርባ ነው። እናቴም ሱፍ ፈትላ፣ ጠላ ጠምቃ፣ በግ አርብታ እኛን ያሳደገችው ከዚያችው ግቢ ሳትወጣ ነው። "አንቺስ እቤትሽ አይደል እንዴ የምትሠሪው?" ብላት፣ "እኔማ ምን ሥራ አለኝ!" ብላ ሳቀች። አርባ ዓመት ወገቧን ያልፈታች ሴት! ለእሷ ሥራ ማለት ፊርማና ደመወዝ ያለው፣ ተሂዶ የሚመጣበት ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን ቁጥር 1156/2011 እንኳ ሠራተኛ በቤቱ ሆኖ ስለሚሠራው ሥራ ውል የሚናገር ክፍል አለው። ይህንን ግን ለጎረቤላ ማን ይንገርልኝ?

ቀስ በቀስ ለመዱኝ። መጀመሪያ ያመነችኝ እናቴ ናት። አንድ ቀን በላፕቶፑ ስብሰባ ላይ ሳለሁ ቡና ይዛ መጣችና ሰዎቹን አየቻቸው። "እነዚህ ናቸው እንዴ ጓደኞችህ? እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ?" ብላ እያንዳንዳቸውን ከነቤተሰባቸው ደኅንነት ጠየቀች። አሥራ አንድ ሰው ነበርን፤ አንድም አልዘለለችም። አለቃችን የዕለቱን አጀንዳ ለነገ አስተላለፉት። ከዚያ ወዲያ ለሰዉ ሁሉ፣ "ሥራ ላይ ነው፤ አለቃውንም አይቼዋለሁ" እያለች ትመሰክርልኝ ጀመር። አያችሁ? እሷም ያመነችው በዓይኗ ስታይ ነው።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነበር አልልም። በሰኔ 2012 መጨረሻ ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። የሰኔን ሒሳብ በፍላሽ ገልብጬ፣ ፍላሿን በፖስታ አሽጌ፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ወርጄ ለአንድ ሹፌር በአደራ ሰጠሁ። ደረሰች። ያን ቀን ከጥንቱ መልእክተኛ በምን እንደምለይ አላውቅም፤ እሱ በበቅሎ፣ እኔ በሹፌር።

ያ ዓመት ከመንፈቅ ግን የሰጠኝ ነገር ሌላ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ "ደኅና ነኝ" የምትለኝን እናቴን አምኜ ኖሬያለሁ። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ይዛ እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቷን ሲያማት ብቻ እንደምትውጠው፣ ደኅና የሆነች ቀን "ለምን አባክነዋለሁ?" ብላ መልሳ ከሙዳዩ እንደምትከተው ያወቅሁትም ያኔ ነው። ተጣላን። ከዚያ በየጠዋቱ ከቁርስ በኋላ ውሃና ኪኒን ይዤ ፊቷ እቆም ጀመር። ከዋጠች በኋላ እንደ ሕፃን ምላሷን አውጥታ ታሳየኛለች፤ እኔም ሥራ "እገባለሁ"፣ ወደ ካቡ ጥግ።

በ2014 አዲስ ዓመት ማግሥት ደብዳቤው መጣ። ሁሉም ሠራተኛ ከጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ "በአካል ተገኝቶ" ሥራውን እንዲያከናውን ይላል። መስቀልን ከእናቴ ጋር ውዬ ተነሣሁ።

አሁን የምኖረው የካ አባዶ ነው፤ መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ። ከመሬት የማወጣው ነገር ያለ ይመስል በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እነሣለሁ። ሰልፍ፣ ታክሲ፣ ደግሞ ሰልፍ። በ2008 ሥራ የጀመረው ባቡር ያቀልልኛል ብዬ ነበር፤ ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመው ስለነበር የተረፉት ውስጥ ለመግባት የሰው ክርን ማለፍ ያስፈልጋል። ሲሄዱ ሁለት ሰዓት፣ ሲመለሱ ሁለት ሰዓት። የሒሳብ ሰው ነኝና አሰላሁት። በቀን 4፣ በሳምንት 20፣ ዕረፍትና በዓል ተቀንሶ በ48 ሳምንት 960 ሰዓት። ለ24 ሲካፈል 40 ቀን። ቀንና ሌሊት ሳይለይ አርባ ቀን! ወንድ ልጅ ተወልዶ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ያለውን ጊዜ እኔ በየዓመቱ ወያላ ትከሻ ሥር አሳልፈዋለሁ።

ልዋሽ አልፈልግም፣ ቢሮ ደስ የሚልም ነገር አለው። ምሳ ላይ መሳሳቁ፣ ባለትዳሩ ባልደረባዬ የሚያወራው ወሬ፣ ማኪያቶው። ካቡ ጥግ ሆኜ ሦስት ቀን የሚፈጅብኝን የደረሰኝ ውዝግብ ጎን ለጎን ተቀምጠን በአሥር ደቂቃ የምንፈታበት ጊዜም አለ። ግን ሥራዬን አብዛኛውን የምሠራው ያው ላፕቶፕ ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ድፍረት አገኘሁና አለቃዬ ዘንድ ገባሁ።

"ጎረቤላ ሳለሁ ሥራዬ ላይ የጎደለ ነገር ነበር?"

"ኧረ ምንም!"

"ታዲያ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ…"

"አይ፣ ወንድሜ! ሰው ሲታይ ነው እንጂ" አሉኝ። ሰማይ አይታረስ ብዬ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ግን ነገሩ አለቃዬ ያመጡት አይደለም። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ከጎረቤላ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ሲገዙ ሹመት የፈለገ፣ መሬቱ የተነካበት፣ የተጣላ፣ የተበደለ ሁሉ ጉዳዩን የሚጨርሰው ደጅ ጠንቶ ነው። መታየት ነበረበት። ንጉሡ አንኮበር፣ አንጎለላ፣ ደብረ ብርሃን እየተዘዋወሩ ሲቀመጡ ባለጉዳዩም አብሮ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1841 በሻለቃ ሀሪስ የሚመራው የእንግሊዝ ልዑክ እንኳ ውሉን ለማስፈረም ከታጁራ ተነሥቶ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ በአካል መምጣት ነበረበት። ኋላ ምኒልክ ደጃቸውን ወደ እንጦጦ፣ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ሲያዞሩት ሰዉም ተከተለ። አንኮበር ቀረች። ይኸው እስከ ዛሬ ልጆቿ ላምበረት እየወረድን ደጁን እንጠናለን። ልዩነቱ የእኛ በጣት አሻራ መሆኑ ብቻ ነው።

በዚያው በ2014 ኅዳር ላይ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ዘልቆ ደብረ ሲና ደረሰ። ደብረ ሲና ለእኛ ጎረቤት ናት። ብዙ ሰው ቀዬውን ጥሎ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። የእናቴ ስልክ ሁለት ቀን አልሠራ አለ። ያን ሁለት ቀን ጠዋት አሻራዬን ሰጥቼ ገብቻለሁ፤ ማታ አሻራዬን ሰጥቼ ወጥቻለሁ። መዝገቡ ላይ "በአካል ተገኝቷል" ይላል። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ያው አንድ ቁጥር ላይ አፍጥጬ ነው የዋልኩት። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

"ገባህ?"

ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ፣ መብራት ጠፍቶ ኖሯል።

አሁን "ያኔ እዚያው ብቀር ኖሮ" እያልኩ እንዳልቆጭ ደግሞ ሌላው ነገር አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔቱም ለብዙ ወራት ተዘጋ። ከካቡ ጥግ ያለችው ቢሮዬም በዚያው ተዘጋች ማለት ነው። እዚያ ሆኜ ቢሆን እውነትም ከሥራ "እወጣ" ነበር። አለቃዬ ይህንን አስበው አልነበረም፤ ግን ልክ ሆኑ።

እናም ቀረሁ። መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ለበዓል እሄዳለሁ፤ አይደለም ሲባል በስልክ እንኳን አደረሰሽ እላታለሁ። ጠዋት ጠዋት ትደውላለች።

"ገባህ?"

"ገባሁ። አንቺስ ዋጥሽው?"

"ውጬዋለሁ።"

"እውነት?"

"አዎ አልኩህ እኮ!" ትቆጣለች።

አለቃዬን "ሰው ሲታይ ነው እንጂ" አሉኝ ብዬ ስንቱ ዘንድ አምቻቸዋለሁ። እኔ ራሴ ግን ይቺን "ውጬዋለሁ" አላምናትም። ምላሷን አውጥታ ካላሳየችኝ በቀር አላምናትም። ሰው በእርግጥም ሲታይ ነው። ደጅ መጥናትም ያለ ነገር ነው። አርባ ቀኔን የምሰጠው ለየትኛው ደጅ እንደሆነ ነው እንጂ የሚከነክነኝ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ልግባ መሰለኝ።