መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ተጫዋች

ነገሩ የታወቀው በብስኩት ቆርቆሮ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ትንሿ ልጄ የዒድ ገንዘቧን የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ከዒደል ፊጥር ጀምሮ ያጠራቀመችው 120 ብር ነበር፤ የቀለም እርሳስ ልትገዛበት አስባለች። እናቷ ስትጠይቃት መጀመሪያ ዝም አለች፤ ቀጥላ አለቀሰች፤ በመጨረሻ «ተበላሁ» አለች። ሱብሃነላህ! ቁማርተኛ የሚናገረውን ቃል ከልጄ አፍ ስሰማ የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

ውድ አንባቢያን፣ ቤታችን የሚገኘው ገላን ውስጥ፣ ከቃሊቲ ወደ ዱከም ከሚወስደው አሮጌው መንገድ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ስለሚንቀጠቀጥ ቴሌቪዥናችን ድምፁ ከፍ ተደርጎ ነው የሚከፈተው። ልጆች ከዐስር ሶላት በኋላ ቁርኣናቸውን ቀርተው ከጨረሱ እስከ መግሪብ አንድ ፕሮግራም እንዲያዩ ተፈቅዶላቸዋል። የመረጡት በነፃነት ወርቅነህ አቅራቢነት የሚታወቀውን የኢ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን «የቤተሰብ ጨዋታ» ነበር። እኔም አልተቃወምኩም። ሁለት ቤተሰቦች ፊት ለፊት ቆመው፣ ብዙ ሰዎች ተጠይቀው የሰጡትን መልስ ለመገመት ሲሞክሩ ማየት ከብዙው ተከታታይ ፊልም ይሻላል። ጨዋታው አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1976 «ፋሚሊ ፊውድ» ብለው ከጀመሩት ጋር ይመሳሰላል። አባትና ልጅ፣ እናትና አጎት አብረው ሲያስቡ ይታያል። እናቴ እንኳ መቁጠሪያዋን ይዛ «አይ! እንዲህ አይባልም!» እያለች ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ትከራከራለች።

ችግሩ በእኛ ሰዓት የሚታየው ድጋሚ መሆኑ ነው። የአሥራ አምስት ዓመቱ ታላቁ ልጄ አንዳንዱን ክፍል ቀደም ብሎ ቃሊቲ አክስቱ ቤት አይቶታል፤ ሌላውን በስልክ ከዩቲዩብ ላይ። ማን እንደሚያሸንፍ ያውቃል። ይህንን ለማንም ሳይናገር እህቱን «ቀዮቹ ያሸንፋሉ፣ አሥር ብር አስይዣለሁ» ይላታል። እሷ ደግሞ የምትወደው ቤተሰብ ሌላው ስለሆነ ታስይዛለች። ትበላለች። በሚቀጥለው ቀን ያለቀባትን ለማስመለስ እንደገና ታስይዛለች።

እህቱ ብቻ ብትሆን የቤት ገመና ነበር። ከጎረቤታችን ልጅም 40 ብር ወስዷል። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያን ናቸው፤ በዒድም በፋሲካም እንጠያየቃለን፤ ልጃቸው ከትምህርት ቤት መልስ ከእኛ ልጆች ጋር ቴሌቪዥን ያያል። በዚያው ምሽት ልጄን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። እናቱ ቡና አቅርባ ነበርና ግቡ አለችን። ልጄ ቆሞ ብሩን ዘረጋላትና የሆነውን በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ብሩን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ወደ እኔ ዞራ «እኔኮ እናንተ ቤት ነው ብዬ ነው የምልከው» አለች። ከዚህ ሌላ አልተናገረችም። ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ከፊቴ ፈጠን ብሎ ሄደ፤ ከእኔ ጎን መራመድ አፍሮ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእሱ ጎን መራመድ አልፈለግሁም።

ማታ ከዒሻ በኋላ አስቀምጬ ስለ ቁማር ነገርኩት። በሱረቱል ማኢዳህ 90ኛው አንቀጽ ላይ መይሲር ከአስካሪ መጠጥ ጋር ጎን ለጎን መጠራቱን፣ ተከታዩ አንቀጽ ደግሞ በሰዎች መካከል ጠላትነትን የሚያመጣ መሆኑን መግለጹን አስታወስኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «አቢ፣ ቁማርኮ ዕድል ነው። እኔ ጋ ዕድል የለም። መልሱን አውቀዋለሁ። አቡ በክርስ (ረ.ዐ.) ሩሞች እንደሚያሸንፉ ስላወቁ ከቁረይሾች ጋር ተወራርደው የለ?»

መድረሳ መላኬን ለአፍታ ተጸጸትኩ፤ አስተግፊሩላህ! ታሪኩ እውነት ነው፤ ቲርሚዚ ዘግበውታል። እኔ ግን በዚያ ሰዓት መልስ አልነበረኝም። «ሂድ ተኛ» አልኩት። አባቶች መልስ ሲያጣን የምንለው ይህንኑ ነው።

በማግስቱ ከፈጅር በኋላ የመስጊዳችንን ኡስታዝ አማከርኩ። ፈገግ አሉና «ልጁ አንብቧል፤ ግን ግማሹን ነው ያነበበው» አሉኝ። አንደኛ፣ ያ ውርርድ የተደረገው መወራረድ ከመከልከሉ በፊት እንደሆነ ዘገባው ራሱ ይናገራል። ሁለተኛው ይበልጥ ልብ የሚነካ ነው። አቡ በክር (ረ.ዐ.) የተማመኑበትን ነገር አልደበቁም፤ አንቀጹን በመካ አደባባይ በግልጽ አነበቡት። ቁረይሾች ሰምተው፣ አናምንም ብለው ነው የተወራረዱት። «ያንተ ልጅ ግን የሚያውቀውን ከእህቱ ደብቆ ነው ገንዘቧን የወሰደው። ዕድል ከሌለበት ቁማርነቱ ይቀንስ ይሆናል፤ ማታለሉ ግን ይጨምራል» አሉኝ።

ስለ ሽልማትም ጠየቅኋቸው፤ ጨዋታውን ጭራሽ ልከልክል ወይ ብዬ። ዑለማእ የሚያዩት ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ነው አሉ። ተጫዋቾቹ ራሳቸው አዋጥተው አሸናፊው የተሸናፊውን የሚወስድ ከሆነ እሱ መይሲር ነው። ከተጫዋቾቹ ምንም ሳይወሰድ ሌላ ወገን የሚሸልም ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። በሐዲስ በስም የተጠቀሱት የግመል፣ የፈረስና የቀስት ውድድሮች ናቸው፤ ኢብኑል ቀይም (ረሒመሁላህ) «አል-ፉሩሲያ» በተባለው ኪታባቸው ለዲን እውቀት የሚደረገውንም ውድድር ከእነዚህ ጋር አይተውታል። ዛሬ በቴሌቪዥን ስለሚደረገው ጠቅላላ እውቀት ግን ሊቃውንቱ አንድ ቃል የላቸውም።

ይህን ሲሉኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2000) የዓረቡ ጣቢያ ኤም.ቢ.ሲ. «መን ሰየርበሑል መልዩን» (ሚሊዮኑን ማን ያሸንፋል?) የሚለውን ጨዋታ ሲጀምር እኔ ወጣት ነበርኩ። አቅራቢው ሊባኖሳዊው ጆርጅ ቀርዳሒ ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 የአገሩ የማስታወቂያ ሚኒስትር ሆኖ በዚያው ዓመት ሥልጣኑን የለቀቀው ሰውዬ። ዲሽ ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበን፣ በመድረሳ ዓረብኛችን ግማሹን ተረድተን ግማሹን ገምተን እናይ ነበር። አማራጭ አራት መልሶች ሲወጡ ስንጯጯህ ባለቤቱ ያስወጣን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የግብፁ ሙፍቲ ሼኽ ነስር ፈሪድ ዋሲል ይህን የመሰሉ ፕሮግራሞች የቁማር ዓይነት ናቸው ሲሉ ፈትዋ ሰጡ። ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ለመሳተፍ የሚደወለው ስልክ የሚያስከፍለው ገንዘብ ነበር። ሺዎች እየከፈሉ ይደውላሉ፣ አንዱ ይገባል። እኛ ገላን ሆነን ለመደወል የሚያበቃ ገንዘብም ስልክም አልነበረንም፤ አልሃምዱሊላህ።

የልጄ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። መልሱን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ተጫዋች የምችለውን ያህል አነበብኩ። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። በ1956 እ.ኤ.አ. «ትዌንቲ ዋን» በተባለ የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ላይ ቻርልስ ቫን ዶረን የተባለ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር አሸንፎ አገር ያወቀው ሰው ሆነ። ያሸነፈው ኸርበርት ስቴምፕል የተባለውን ተወዳዳሪ ነው። ስቴምፕልን አዘጋጆቹ ተሸነፍ ብለውት ነበር፤ «ማርቲ» ስለተባለው ፊልም ሲጠየቅ መልሱን እያወቀ ስህተት ተናገረ። ፊልሙን ደጋግሞ አይቶት፣ ወዶትም ነበር። ቫን ዶረን ደግሞ መልሶቹ አስቀድመው ይሰጡት እንደነበር በኅዳር 1959 እ.ኤ.አ. በኮንግረስ ፊት ቀርቦ አመነ። በዓመቱ አሜሪካ እንዲህ ያለውን ማጭበርበር የሚከለክል ሕግ አወጣች።

ይህን ለልጄ ነገርኩት። «እሱ ተሰጥቶት ነው፤ እኔ ራሴ አይቼ ነው» አለኝ። ይኸውና! የፈለገውን ምሳሌ እኔው ነበርኩ ያነበብኩት። ማይክል ላርሰን የተባለ የኦሃዮ ሰው፣ አይስክሬም በመኪና እያዞረ የሚሸጥ፣ «ፕሬስ ዩር ለክ» የተባለውን ጨዋታ በቪዲዮ እየቀዳ ደጋግሞ ሲያይ፣ በዘፈቀደ የሚዞር የሚመስለው የመብራት ሰሌዳ አምስት ዓይነት አዟዟር ብቻ እንዳለው ደረሰበት። በቃሉ አጠና። በ1984 እ.ኤ.አ. ቀርቦ 110,237 ዶላር አሸነፈ። ጣቢያው መረመረ፣ ሕግ አልተጣሰም ብሎ ከፈለው። ያንን ክፍል ግን ደግሞ ለማሳየት አልወደደም። በኋላ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው የድሮ ጨዋታዎችን እየደጋገመ ለማሳየት በ1994 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው «ጌም ሾው ኔትወርክ» የተባለው የኬብል ጣቢያ ነው።

ልጄ ዓይኑ በራ። «ታዲያ!» አለ። ቀጥሎ የሆነውንም ነገርኩት። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ቁጥሩ የተነገረውን የአንድ ዶላር ኖት ላመጣ እሸልማለሁ ሲል፣ ላርሰን ገንዘቡን በአንድ አንድ ዶላር ዘርዝሮ ከባንክ አውጥቶ ቤቱ ከመረ፤ ሌሊቱን ሲቆጥር ያነጋ ነበር። ሌቦች ገብተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠረውን ወሰዱት። ልጄ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ ነው ያላሰብኩትን ያመጣው።

«አቢ፣ አንተስ ለመኪናው?»

ለጊዜው አልገባኝም። ቀጥሎ ገባኝ። ባለፈው ዓመት «ጥያቄውን ይመልሱ፣ መኪና ይሸለሙ» የሚል መልእክት በስልኬ ይመጣልኝ ነበር። ጥያቄው ሕፃን የሚመልሰው ነው፤ አንድ መልእክት ስትልክ የጥቂት ብር ሂሳብ ይቆረጣል። አንድ ቀን ላክሁ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ስልክ ነበር። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። የሙፍቲውን ፈትዋ ከሃያ ዓመት በላይ በአእምሮዬ ተሸክሜ፣ ያንኑ ነገር በራሴ አውራ ጣት ስሠራ አልታየኝም። ለልጄ ግን ታይቶታል፤ ሶፋው ላይ ከጎኔ ሆኖ።

እንዳልዋሽ አላህ ረዳኝ። «አዎ፣ ልኬ ነበር» አልኩት። «ስንት ብር ወጣ?» አለኝ። አላውቅም፤ አልቆጠርኩትም። እህቱ ቢያንስ 120 መሆኑን ታውቃለች። ባለቤቴን ጠርቼ በፊቱ ነገርኳት። እሷም «እንደዚህ ነው ለካ ካርዱ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው» ብላ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ባለፉት ዓመታት በመንገዳችን ዳር ቤቲንግ ቤት በተከፈተ ቁጥር ልጆቼን ወደዚያ እንዳትዞሩ እያልኩ ስቆጣ ኖሬያለሁ። ቁማሩ ሳሎኔ ውስጥ በሁለት ሰው እጅ ነበር።

ፕሮግራሙን አልከለከልንም። እናቴ ናት የፈረደችው፦ «ያየ ሰው ይጠይቅ፣ ያላየ ሰው ይመልስ።» አሁን ድጋሚ የሚሆነውን ክፍል አስቀድሞ ያየ ሰው ከመጀመሩ በፊት «አይቼዋለሁ» ማለት አለበት። ያ ሰው የእኛ ቤት አቅራቢ ይሆናል። መልሱ ከመውጣቱ በፊት ድምፁን ይዘጋና እኛን ይጠይቀናል። ብር የለም። ልጄ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ ቀስ እያለ ግን አቅራቢነቱን ወደደው፤ ማይክሮፎን አስመስሎ የሪሲቨሩን ሪሞት መያዝ ሁሉ ጀመረ። የጎረቤታችን ልጅ ለሦስት ሳምንት አልመጣም ነበር። በአራተኛው አንድ ሰሐን ቆሎ ይዞ መጣ፤ እናቱ ናት የላከችው።

ባለፈው ቅዳሜ ልክ የመጨረሻው ዙር ሲደርስ መብራት ጠፋ። ሁላችንም በጨለማ ውስጥ ወደ ልጄ ዞርን፤ «አይቼዋለሁ» ብሎ ነበርና። ትንሿ «ማን አሸነፈ? ንገረኝ!» ብላ እጁን ጎተተች። «ጨዋታው አላለቀም» አላት። የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ በሻማ ውዱእ አደረግን።

ሰግደን ስንመለስ መብራቱ መጥቶ ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን አልቋል። ትንሿ እንደገና ጠየቀችው። ነገራት፤ በነፃ።