ምኒልክ ስንት ያመጣ ይሆን?

እኛ አገር «ስንት አመጣህ?» የምትለው ጥያቄ ከሰላምታ ቀጥላ ትመጣለች። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምን ተማርክ የሚለው የለም፤ ስንት አመጣህ ነው። እኔም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት በስንቱ ግጥም ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ 12 ከ20 ብዬ ጽፌአለሁ። ግጥሙ አሥራ ሁለት ይሁን አሥራ ሦስት የምናውቀው እኔና እግዜር ብቻ ነን። (እግዜርም ቢሆን እንጃ!) ማስተማሩን ስተው ከሁሉ በፊት የተገላገልኩት ከዚህ ቁጥር ነው። ዘንድሮ ደግሞ ቁጥሩ በቤተሰብ በኩል ዞሮ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን ንፋስ መውጫ ስታርፍ በልብስ ሳጥኗ ውስጥ ሰባት ጠገራ ብርና ሁለት የምኒልክ ብር ትታልን ሄደች። ከምኒልኮቹ አንዱ የተበሳ ነው፤ አያቴ በክር አድርጋ ከአንገቷ ታስረው ነበር። ሌላው በጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረ ስለሆነ የንጉሡ ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል። አሜሪካ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ፎቶውን ባየ በሰዓቱ ደወለ። «ጋሼ፣ ይሄንማ እዚህ አምጥተን ደረጃ እናሰጠው!»

ይህ ልጅ የስፖርተኞችና የፖኬሞን ካርድ ይሰበስባል። ካርዱን በፖስታ ለአንድ ድርጅት ይልካል፤ ባለሙያዎቹ ማዕዘኑን፣ ጠርዙንና ገጹን በማጉያ መነጽር መርምረው ከ1 እስከ 10 ቁጥር ይሰጡታል፤ ከዚያ በፕላስቲክ አሽገው ይመልሱለታል። በ9 እና በ10 መካከል ያለውን ልዩነት የእኔ ዓይን አያየውም፤ ኪስ ግን ያየዋል። ለሳንቲምም እንዲሁ አለ። ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ የሚባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ሥራውን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዘውታል፤ የሳንቲም ሙሉ ማርክ 70 ነው።

ለምን 70? ዊልያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው በ1949 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካ ጥንታዊ ሳንቲሞች ባወጣው መጽሐፍ የጀመረው ነው። ሐሳቡ፣ ፈጽሞ ያለቀው አንድ ዶላር ካወጣ እንከን የሌለው ሰባ ያወጣል የሚል ነበር። የዋጋው ስሌት ብዙ አልቆየም፤ ሰባው ግን ቀረ። በነገራችን ላይ፣ ይኸው ሰው ከኒውዮርኩ የሳንቲም ማኅበር ስብስብ ደህና ደህናውን እየወሰደ የራሱን ዝቅ ያለ ይተካ እንደነበር ከሞተ በኋላ ታውቋል። ፈታኙ ራሱ ኮራጅ!

በካርዱም በኩል ጉድ አለ። ሆነስ ዋግነር የተባለ የቤዝቦል ተጫዋች ምስል ያለበት፣ ድሮ ከሲጋራ ጋር ይሰጥ የነበረ ካርድ አለ። ፒኤስኤ የተባለው ድርጅት በ1991 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ማርክ የሰጠው ለእሱ ነው፤ 8 አመጣ። በ2007 እ.ኤ.አ. 2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2013 እ.ኤ.አ. ቀደም ሲል ካርዱን የሸጠው ነጋዴ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጠርዙን ቆርጬው ነበር ብሎ አመነ።

ይህን የምጽፈው በፈረንጅ ለመሳቅ አይደለም። እኛም እኮ ማርክ እንሰጥ ነበር። አያቶቻችን ጠገራ ብር ሲቀበሉ የሴትዮዋን የዘውድ ፈርጥ ይቆጥሩ ነበር፤ የትከሻዋ ጌጥ የጠፋውን፣ ፊቷ የፈዘዘውን «ውሰድልኝ» ብለው ይመልሱ ነበር። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም የራሳቸውን ብር ፓሪስ አሠርተው ሲያወጡ እንኳ ገበሬው ቶሎ አልተቀበለውም። ክብደቱ ያው 28 ግራም፣ የብሩም መጠን ከመቶ 83 ገደማ፣ እኩል ለእኩል፤ ግን ያልለመዱት ፊት ነው። ልዩነቱ፣ ያኔ ፈታኙ ተቀባዩ ራሱ ነበር፤ ብሩን በእጁ ይዞ፣ የሚሸጠው በሬ ከጎኑ ቆሞ።

ልጁ ደንቡን ሲያስረዳኝ የእኛዎቹ ገና ሳይፈተኑ መውደቅ ጀመሩ። የተበሳ ቁጥር አያገኝም፤ እውነተኛ ነው ግን ተበስቷል ተብሎ ይታሸጋል። የተወለወለም እንደዚያው። እናቴ ደግሞ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ጠገራዎቹን በአመድና በሎሚ ስታሻቸው ነው የኖረችው! የቀረው ያ በጨርቅ የተጠቀለለው ምኒልክ ነው። እሱም በነሐሴ 2013 ዓ.ም ንፋስ መውጫ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችባቸው ቀናት ከመሬት በታች ሰነበተ። እህቴ ዘጠኙንም በላስቲክ ቋጥራ ጓሮ ቀብራቸው ነበር፤ ክረምት ነው፣ ላስቲኩ ውሃ አስገባ። ዛሬ ከንጉሡ ጆሮ በታች እንደ ጥላ የጠቆረ ነገር አለ። «ጋሼ፣ ይሄ ማርክ ያስቀንሳል፤ ከባሰም ጭራሽ ያስከለክላል» አለኝ።

የቅንጦት ክርክር እንዳይመስላችሁ። እህቴ ጣሪያ ማደስ አለባት። ንፋስ መውጫን የማያውቅ ስሟን ደግሞ ያንብበው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የላላ ቆርቆሮ ይዞ መክረም ምን እንደሆነ ይገባዋል። ገበያ ወጥታ አንጥረኛ ብትጠይቅ ዋጋውን የነገራት በሚዛን ነው፤ ምኒልክም ጠገራም እኩል፣ ሁለቱም ቀልጠው ጌጥ ይሆናሉ። የልጁ ክርክር እዚህ ላይ ይጠነክራል። «ገዢው የያዘውን ያውቃል፤ እማዬ አታውቅም። ቁጥሩ የሚጠቅመው እሷን ነው» ይላል። ልክ ነው። ለማያውቁት ሰው የሚሸጥ ሰው ምስክር ያስፈልገዋል።

«ታዲያ ለበዓል የመጣ ሰው በሻንጣው ይዞልን ይምጣ» ሲል ግን እንቢ አልኩ። የ1992 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። የመቶ ሠላሳ ዓመት ብር ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው የቅርስ ባለሥልጣን ነው፤ ቦሌ ላይ ሻንጣ የሚጎትት የጎረቤት ልጅ አይደለም። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ በእሱ ስሌት የደረጃው፣ የመላኪያውና የኢንሹራንሱ ወጪ ለአንዱ መቶ ዶላር ይጠጋል።

እኔን የሚያጓጓኝስ ሌላ ነው። ጠገራዎቹ ሁሉ «1780» ይላሉ። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቪየናም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲያትሟት ኖረዋል። ሙሶሎኒም በ1935 እ.ኤ.አ. ማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ላይ አስመታት፤ ወረራው ገንዘብ ይፈልግ ነበርና። ከእናቴ ሰባት ሴትዮዎች አንዷ ከሮም የመጣች ብትሆንስ? ምን ተሸጦባት፣ ማን ተቀብሏት ይሆን? አዋቂ ሰው በጀርባዋ ካለው ንስር ላባና ከትከሻዋ ጌጥ ይለየዋል። ለዚህ መልስ ብከፍል አይቆጨኝም። ለቁጥሩ ግን እጄ ኪሴ አልገባም አለኝ።

ለእህቴ በስልክ ሳስረዳት «ሰባ የሚያመጣው የትኛው ነው?» አለችኝ።

«ከተሠራ ጀምሮ የሰው እጅ ያልነካው።»

«ገንዘብ አይደለም እንዴ ወንድምዓለም?»

በመጨረሻ የተስማማነው ይኸው ነው። ዘጠኙም በግራ በቀኝ ፎቶ ይነሳሉ፤ ክብደታቸው ይጻፋል፤ የማን እንደነበሩና የት እንደተቀበሩ እኔ በወረቀት አሰፍራለሁ። ፎቶዎቹን ልጁ ለሚያውቅ ሰው ያሳያል። የሮም ያልሆኑ፣ ፊታቸው ያለቀ ሁለት ጠገራዎች በሚዛን ተሸጠው ለጣሪያው ይሆናሉ፤ ልጁ ደግሞ ለደረጃ ሊያወጣው ያሰበውን መቶ ዶላር ለቆርቆሮ ይልካል። እያጉረመረመ ተስማማ። «ቢያንስ አትወልውሉት!» አለ ደጋግሞ።

እህቴ አንጥረኛው ሚዛን ላይ አስቀመጠችው፤ ምኒልክ ከ28 ግራም ትንሽ ጎደል ብሏል። ከዚያ በዚያው ጨርቅ ጠቀለለችው። የት እንዳኖረችው ለእኔም አልነገረችኝ።