ልጅዎ «እግሩ ጠፍጣፋ ነው» ተባሉ?

ልጅዎ ከሻወር ወጥቶ ሲሮጥ ወለሉ ላይ የሚተወውን እርጥብ አሻራ አስተውለው ያውቃሉ? የአብዛኛው አዋቂ ሰው አሻራ ከመሃል በውስጥ በኩል ጎደል ይላል። የትንሽ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ነው። ብዙ ወላጅ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

ለአራት ዓመቷ ልጄ የበዓል ጫማ ስገዛ ሻጩ እግሯን ገልብጦ አየና «ይሄ እኮ ጠፍጣፋ ነው፤ አሁን ካልተስተካከለ ጉልበቷንም ወገቧንም ያበላሻል» አለኝ። ወዲያው ልዩ ጫማና ውስጡ የሚገባ መደገፊያ አቀረበልኝ። ዋጋው የደመወዜን ግማሽ ይጠጋል። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ፍርሃት ምን ያህል ቶሎ እንደሚሸጥ አውቃለሁ፤ ሳልገዛ ወጣሁ። ከዋጋው ይልቅ የከበደኝ ማታ የጠየቀችኝ ነው፦ «እማዬ፣ እግሬ ተበላሽቷል እንዴ?»

በዚያው ሳምንት የአጥንት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ በጣቶቿ ጫፍ አስቆማት። ያን ጊዜ ጠፍቶ የነበረው የውስጥ እግሯ ቅስት ብቅ አለ። እንዲህ ያለው ተለማጭ ጠፍጣፋ እግር ሕመም ከሌለው ሕክምና አያስፈልገውም ተባልን።

ሕፃናት ሲወለዱ የውስጥ እግራቸው በስብ የተሞላ፣ ጅማታቸውም ልል ነው። ቅስቱ ከዕድሜ ጋር ቀስ በቀስ ይወጣል፤ አንዳንዶች ላይ እስከ 10 ዓመት ሊዘገይ ይችላል። ጫማ ቅስት አይፈጥርም። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ ልዩ ጫማና መደገፊያ ለሦስት ዓመት ያደረጉ ልጆች እግር ካላደረጉት የተለየ ለውጥ አላሳየም። በ1992 ሕንድ ውስጥ በ2,300 ልጆች ላይ በታተመ ጥናት ደግሞ ጠፍጣፋ እግር ይበልጥ የታየው ጫማ በሚያደርጉት ላይ ነበር።

ይህ ማለት ልጅዎን በባዶ እግሩ ደጅ ይልቀቁት ማለት አይደለም። ስለቱ፣ የመንጠቆ ትሉ፣ በአንዳንድ ደጋ አካባቢ ከቀይ አፈር የሚመጣው የእግር እብጠት አለ። ቤት ውስጥ ግን ጫማውን አውልቆ ይሩጥ፣ ይዝለል። ጫማ ሲገዙለት አቁመው ያስለኩት፤ ከአውራ ጣቱ ፊት የአንድ ጣት ስፋት ይበቃል። «ያድግበታል» ብለው ሁለት ቁጥር አይጨምሩ። ሶሉም ጣቶቹ በሚታጠፉበት በኩል የሚታጠፍ ይሁን።

እግሬን ያመኛል ካለ፣ ካነከሰ፣ አንዱ እግሩ ብቻ ጠፍጣፋ ከሆነ ወይም በጣቶቹ ጫፍ ሲቆም ቅስቱ ካልወጣ ሐኪም ይየው። መደገፊያም ቢታዘዝለት ሕመሙን ለማስታገስ ነው።

ቤት ውስጥ ሲያዩት በጨዋታ ያድርጉት። «እስኪ እንደ ቀጭኔ ረዝመህ ቁም» ይበሉትና ከኋላው ሆነው እግሩን ይመልከቱ።