ሰባት ቤት ቆጥረን ያልጠየቅነው

በግንደወይን አካባቢ ልጅ ሲታጭ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በርስት ዘመንማ ጎጃሜ መሬት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም ወገን ስለነበር፣ ሐረጉን እስከ አቅኚው አባት መዘርዘር ያልቻለ ሰው ድርሻው ይቀርበት ነበር። ይህን ሁሉ የሚቆጥር ቤተሰብ ግን አያታችሁ በምን ሞቱ ሲባል "ወገባቸውን ታመው"፣ "ሽንት አልወጣ ብሏቸው" ብሎ ያልፋል። አክስትየዋም "በክፉ በሽታ" ሄደች፤ በቃ።

ወገባቸውን የታመሙ ሽማግሌዎች ሁሉ ካንሰር ነበረባቸው አልልም፤ ዕድሜውን እርፍ ጨብጦ የኖረ ሰው ወገቡን ቢያመው አይገርምም። ነገር ግን የፕሮስቴት ካንሰር ሲሰራጭ የሚያዘወትረው አጥንትን ነው፤ አከርካሪና ዳሌን።

ስለ ፒኤስኤ የደም ምርመራ ብዙ ስለሚባል አላረዝምም። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻውን ካንሰር ነው አያሰኝም፤ በዕድሜ ያደገ የፕሮስቴት ዕጢም፣ ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርጉታል። የሚረጋገጠው ከዕጢው ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ሲታይ ነው።

የዘረመል ምርመራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ የፕሮስቴት ካንሰራቸው የተሰራጨ 692 ወንዶች ተመርምረው 11.8 በመቶዎቹ ዲኤንኤን ከሚጠግኑት ዘረመሎች አንዱን ተበላሽቶ ወርሰውት ተገኙ። በብዛት የታየው ቢአርሲኤ2 ነው፤ አዎ፣ የሴቶች የጡት ካንሰር ሲነሣ የሚጠራው። ይህም እንደ ርስቱ በሁለቱም ወገን ይመጣል። ወንድም ሆነ ሴት፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የአክስትየዋ "ክፉ በሽታ" የወንድሟንም ጉዳይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

"መድኃኒቱ ከሌለ መመርመሩ ምን ያደርጋል?" የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ኦላፓሪብ የተባለው መድኃኒት ለእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን በሬ ተሸጦ የሚደረስበት አይደለም። ሆርሞን የሚቀንሰው ሕክምና ደግሞ ያለ ዘረመል ምርመራም ይሰጣል። ስለዚህ ለአባትየው ውጤቱ ብዙ ላይለውጥ ይችላል። ለልጆቹ ግን ይለውጣል፤ ዘረመሉን የወረሰ ወንድ ልጅ የፒኤስኤ ክትትሉን በ40 ዓመቱ እንዲጀምር ይመከራል፤ የወረሰች ሴት ልጅም ለጡቷ ክትትል እርጅናን አትጠብቅም።

ምርመራና መድኃኒት ሲገጥሙ ምን እንደሚሆን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታይቷል። ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለው የዘረመል ምልክት የተገኘባቸው ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ሕመምተኞች ኢማቲኒብ የተባለውን መድኃኒት በእርዳታ፣ በነፃ ሲወስዱ ቆይተዋል። ለሳንባ ነቀርሳ አክታ የምንሰጥበት ጂን ኤክስፐርት ማሽንም ካርትሬጁ ሲለወጥ ይህንኑ ምልክት ይለካል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። አንድ ሺሕ ጂኖም የተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ከአፍሪካ ዮሩባን፣ ኤሳንን፣ ሜንዴን፣ ጋምቢያውያንንና የኬንያ ሉህያዎችን ሲይዝ ኢትዮጵያዊ አላካተተም። ማነጻጸሪያ ሲያንስ "ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ" የሚል የዘረመል ምርመራ ውጤት ይበዛል።

አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ሆናችሁ አባታችሁ የታመሙባችሁ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አገር ቤት ደውሉ። የሟቹን ሁሉ የክርስትና ስም የምታስታውስ አክስት አትጠፋም። ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ ሕመሙ ከየት ጀምሮት? ፕሮስቴት፣ ጡት፣ የእንቁላል ማምረቻ፣ ጣፊያ አጠገብ ያለው ፓንክሪያስ፤ ሐኪሙ የሚፈልገው እነዚህን ነው። ከተቻለ ደግሞ ቀድሞ የሚመረመረው የታመመው ሰው ይሁን። በቤተሰቡ ውስጥ የሚፈለገው ዘረመል የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ጤነኛው ልጅ "የለብህም" ቢባል፣ ምን እንደሌለበት የሚያውቅ የለም።