ከሕፃን ጋር ረጅም መንገድ

«ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» ይላል ያገራችን ሰው። ረጅም ጉዞ የሚጓዝ መንገደኛም ሕፃን ልጅ ከጎኑ ሲቀመጥ ይህንኑ ተረት ያስታውሳል። ሕፃን ሙቀት አይችልም፤ ቶሎ ይጠማዋል፤ ቶሎ ይርበዋል፤ አውቶቡሱ ሊቆም በማይችልበት ስፍራም «ልውረድ» ይላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሕፃን በመንገድ ላይ ሸክም ብቻ ነውን? የሚከተለውን ካነበባችሁ በኋላ እናንተው ፍረዱ።

በ2011 ዓ.ም. በየካቲት ወር የአምስት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ከአዳማ ወደ አርባ ምንጭ ተጓዝሁ። እናትዋ በዚያ ሥራ ይዛ ስለ ነበር ልጅቱ ከእኛ ዘንድ አንድ ዓመት ያህል ቆይታለች። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ ሻሸመኔ ላይ አድረን በሁለት ቀን ልንፈጽመው ተስማማን። ስንቃችን ዳቦ ቆሎ፣ ብርቱካንና አንድ ኮዳ ውሃ ነበር። ኮዳውን ለእርስዋ አስረከብኋትና «እስከ ሻሸመኔ ድረስ እንዲበቃሽ ጥቂት ጥቂት ጠጪ» አልኋት። ሕፃን አደራ ሲሰጠው ትልቅ ሰው የሆነ ይመስለዋል፤ እርስዋም ኮዳውን በሁለት እጅዋ አቅፋ፣ በየጊዜው ወዝወዝ እያደረገች የቀረውን ውሃ ትገምት ነበር።

ከሞጆ ወደ ደቡብ እንደ ታጠፍን የጥያቄው ጎርፍ ተከፈተ። ቆቃ ስንደርስ ውሃው ለምን እንደ ቆመ ጠየቀችኝ፤ የአዋሽ ወንዝ በ1952 ዓ.ም. በግድብ መታገዱንና ከውሃው ኃይል መብራት መገኘቱን ነገርኋት። መቂ ላይ በሣጥን የተደረደረውን ቲማቲም አየች። ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማ ለምሳ ስንቆም ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ተጠብሶ፣ የቲማቲም ሰላጣም ታክሎበት ቀረበልን። አዳሚ ቱሉ ስንደርስ፣ በኦሮምኛ «አዳሚ» ቁልቋል፣ «ቱሉ» ደግሞ ኮረብታ ማለት እንደ ሆነ ገለጽሁላት፤ ከዚያ በኋላ ቁልቋልና ኮረብታ በመስኮት ስትፈልግ ሳትነጫነጭ ብዙ መንገድ ሄደች። ልብ በሉ፤ ሕፃንን በመንገድ ላይ ከቁጣ ይልቅ ሥራ ያረጋጋዋል።

ቡልቡላን እንዳለፍን በስተግራ የላንጋኖ ቡናማ ውሃ፣ በስተቀኝ የአብያታ ሐይቅ ይታይ ጀመር። በወጣትነቴ መምህር ሳለሁ ተማሪዎች ይዤ ወደ አብያታ ዳር ወርጄ ነበር። በዚያን ጊዜ ውሃ የሸፈነው ሜዳ አሁን ደረቅ ነጭ መሬት ሆኖ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ይህንኑ ብነግራት ኮዳዋን ተመለከተችና «አባባ፣ ሐይቁን ማን ጠጣው?» አለችኝ።

በዙሪያችን የተቀመጡት መንገደኞች ሣቁ። እኔ ግን መልሱን ሳስብ ሣቄ ጠፋ። አብያታ መውጫ የሌለው፣ ጥልቀቱም አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ነው። ውሃ የሚያገኘው በአብዛኛው ከዝዋይ ከሚወርደው ከቡልቡላ ወንዝና ከላንጋኖ ከሚመጣው ከሆራ ቀሎ ነው። ከዝዋይ ሐይቅና ከወንዙ ብዙ ውሃ ለመስኖ ሲቀዳ ለአብያታ የሚደርሰው ያንሳል፤ ለሶዳ አሽ ምርትም ከራሱ ከሐይቁ ውሃ ተስቧል። በዚህም ምክንያት ሐይቁ በ1960ዎቹ ከነበረው ስፋት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አጥቷል። ውሃው ሲቀንስ ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣው ጠፋ፤ በሻላ ሐይቅ ደሴት እየፈለፈሉ ከአብያታ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካን የተባሉ ታላላቅ ወፎችም ምግባቸውን አጡ።

እንግዲህ ለልጅቱ ምን ልመልስ? ገበሬው ጠጣው እንዳልላት፣ ቲማቲሙን በምሳ የበላነው እኛው ነን። ፋብሪካው ጠጣው እንዳልላት፣ በሶዳ አሽ የሚሠራው ጠርሙስ በየቤታችን አለ። ስለዚህ «ሁላችንም ጠጣነው» አልኋት። ጥቂት አሰበችና «ጥቂት ጥቂት ጠጡ የሚላቸው አባባ አልነበራቸውም?» አለች።

በማግስቱ ወደ አርባ ምንጭ ስንቃረብ የአባያ ሐይቅ ታየ። «ይኸስ ሙሉ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሙሉ መሆኑን ነገርኋት። መናኸሪያው ላይ እናትዋ እጅዋን ዘርግታ ስትቀበላት፣ ልጅቱ ከመታቀፍዋ በፊት ኮዳውን አቀበለቻት። «አልጨረስሁትም» አለቻት።

ተማሪዎች ሆይ፣ ታናሽ ወንድማችሁን ወይም እኅታችሁን ይዛችሁ ስትጓዙ በመስኮቱ በኩል ያለውን መቀመጫ ልቀቁላቸው፤ ጥያቄያቸውንም አትናቁ። እኛ ስለ ተመላለስንበት ማየት የተውነውን እነርሱ ገና ያዩታል። የልጅቱ ጥያቄ ግን ከእኔ መልስ ይበልጣል። ውሃን ለክቶ የሚቀዳ ገበሬ፣ ለክቶ የሚያካፍል መሐንዲስና አስተዳዳሪ ከእናንተ መካከል ሲወጣ፣ ያን ጊዜ ተገቢውን መልስ ያገኛል።